«ይደልዎ» ከማለታችን በፊት ብንጠየቅስ?

በእንግሊዝ አገር «ቸርች ታይምስ» የሚባል ሳምንታዊ ጋዜጣ አለ። ከዜናውና ከሐተታው ጋር የሥራ ማስታወቂያ ይዞ ይወጣል፤ በማስታወቂያው የሚፈለገው ግን ሒሳብ ሠራተኛ ወይም ሾፌር ሳይሆን ቄስ ነው። በአንድ ከተማ የሚገኙ ሦስት ወይም አራት የአንግሊካን አጥቢያዎች አንድ ላይ ሆነው «ሁላችንንም የሚመራ አንድ ካህን እንፈልጋለን» ይላሉ። ማስታወቂያውን አይቶ ለሚጠይቅ ሁሉ የሚሰጥ አንድ ሰነድም አለ። አጥቢያዎቹ በዚህ ሰነድ ማንነታቸውን ይዘረዝራሉ፦ እሑድ እሑድ ስንት ሰው እንደሚሰበሰብ፣ የትኛው ሕንፃ ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ ገቢና ወጪያቸው ምን እንደሚመስል፣ ምን ዓይነት እረኛ እንደሚሹና ለምን እንደሚሹ። አንዳንዱ ሰነድ ሰው ስለ ገዛ ቤቱ እንዲህ በአደባባይ ይናገራል ወይ እስኪያሰኝ ድረስ ግልጽ ነው።

የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ይቆጣል። «ክህነት በማስታወቂያ? እረኛውን በጎች ይቀጥሩታል እንዴ?» ይላል። ቁጣው መሠረት የለውም ለማለት አልደፍርም፤ ክህነት ጸጋ እንጂ ደመወዝተኝነት አይደለም። ይሁንና ይህንኑ ቁጡ ወዳጄን አንድ ነገር ልጠይቀው እወዳለሁ። አንተ የምትሳለምበት ደብር አስተዳዳሪ ባለፈው ጊዜ ሲቀየር ማን ጠየቀህ? ለምን እንደተነሣ የነገረህ አለ? አዲሱስ ለምን እንደመጣ፣ ከመምጣቱ በፊት የት ምን ሠርቶ እንደነበር ታውቃለህ? በማስታወቂያ መፈለግ የሚያስነውር ከሆነ፣ በጓሮ በር ተሹሞ መምጣት ምን ሊባል ነው?

እንግሊዞቹ ወደዚህ አሠራር የመጡት ቅዱሳን ስለሆኑ እንዳልሆነ አስቀድሜ ልናገር። አንድን ካህን በአንድ አጥቢያ የማስቀመጥ መብት በአገራቸው ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ እንደ ርስት የሚወረስ ንብረት ነበር። ባለቤቱ ባላባት ሊሆን ይችላል፣ ንጉሡ ሊሆን ይችላል፣ የኦክስፎርድ ወይም የኬምብሪጅ ኮሌጅ ሊሆን ይችላል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ይህ መብት በአደባባይ በሐራጅ ይሸጥ ነበር። አባት ለልጁ የሱፍ ፋብሪካ እንደሚገዛለት ሁሉ ቄስ ለሆነው ልጁ ደብር ይገዛለት ነበር ማለት ነው። ሐራጁ በሕግ የተገታው እ.ኤ.አ. በ1898 ነው። ምእመናኑ ራሳቸው በሹመቱ ላይ የጸና ድምፅ ያገኙት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የአጥቢያው ጉባኤ ስለ ሁኔታው፣ ስለ ፍላጎቱና ስለ ልማዱ የሚገልጽ ጽሑፍ ያዘጋጃል፤ ከምእመናን ወገን ሁለት ተወካዮች ይመርጣል፤ ባለመብቱ ያቀረበው ካህን ያለ ጳጳሱና ያለ እነዚህ ተወካዮች ስምምነት ሊሾም አይችልም። ተወካዮቹ እምቢ ካሉ ባለመብቱ ወደ ሊቀ ጳጳሳቱ ይግባኝ ይላል። ልብ በሉ፤ ምእመናኑ ካህኑን አይመርጡም። «ይህ ሰው ለእኛ አይሆንም፤ ምክንያታችንም ይኸውላችሁ» የማለት መብት ግን አላቸው። ለነገሩ እዚያም ቢሆን ጳጳሳቱ ይህን መብት ለጊዜው አግደው በራሳቸው ፈቃድ የሚመድቡበት ቀዳዳ በሕጉ አለ፤ አጥቢያዎችን ለማዋሐድ ሲያስቡ ይጠቀሙበታል፤ ምእመናኑም ያማርራሉ። ሥልጣን የትም አገር ቢሆን ቀዳዳ አያጣም።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ።

በ1965 ዓ.ም. የወጣው «ቃለ ዓዋዲ» የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ነው። እንደ እኔ አስተያየት በሃያኛው መቶ ዘመን በአገራችን ከተጻፉት የአስተዳደር ሰነዶች ሁሉ ለተራው ሰው ሰፊ ቦታ ከሰጡት አንዱ ነው። ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣትም ከካህናቱ ጋር በአንድ ጉባኤ ተቀምጦ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብና ሥራ እንዲመክር አድርጓል። ደርግ ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ መውጣቱም መልካም አጋጣሚ ሆነ፤ መሬቱ በተወሰደ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኒቱን ደግፎ ያቆማት ይኸው አደረጃጀት ነውና። ነገር ግን አንድ ጉድለት አለበት። ምእመናን የጉባኤውን አባላት ይመርጣሉ፤ የጉባኤው ሰብሳቢ ግን በሥልጣኑ የደብሩ አስተዳዳሪ ነው፤ አስተዳዳሪው ደግሞ ከሀገረ ስብከት ተመድቦ ይመጣል። ስለዚህ ጉባኤው አባላቱን ከታች ያገኛል፤ ሰብሳቢውን ግን ከላይ ይቀበላል። ከላይ የተቀበለው ሰው ቢያጠፋም ሊከስሰው የሚሄደው ወደዚያው ወደ ሾመው ቢሮ ነው።

ይህ ጉድለት በገጠር ደብር ብዙም አይታወቅም ነበር። በገጠር አለቃው የአካባቢው ልጅ ነው፤ አባቱም አያቱም ይታወቃሉ፤ ቢያጠፋ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። በከተማ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የከተማ ደብር ገንዘብ አለው። የስለት፣ የሙዳየ ምጽዋት፣ የሚከራይ ሱቅና ሕንፃ፣ የመቃብር ቦታ ገቢ አለው። ገንዘብ ባለበት ወንበር ዙሪያ ምን እንደሚሰበሰብ ለአንባቢ ማስረዳት አያሻኝም። በአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት ስለሚደረገው ሹመትና ዝውውር የሚሰማው ሮሮ የአደባባይ ምሥጢር ከሆነ ብዙ ዓመት አልፏል። አቡነ ማትያስ በ2005 ዓ.ም. በመንበረ ፓትርያርክ ከተቀመጡ ጀምሮ ሙስናንና ዘረኝነትን በይፋ ሲያወግዙ ተሰምተዋል። በዚያው በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. የሀገረ ስብከቱን መዋቅር፣ የሰው ኃይልና የሒሳብ አሠራር የሚለውጥ ሰፊ ጥናት በባለሙያዎች ተዘጋጅቶ ነበር። ጥናቱ ከተወሰኑ የአድባራት አስተዳዳሪዎች ብርቱ ተቃውሞ ገጠመውና በታሰበው መልክ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ተቃውሞው ከየት እንደመጣ ማስተዋል ብቻ ይበቃል፤ በምእመናን ወገን «ሒሳባችን በገለልተኛ ባለሙያ አይመርመርብን» ብሎ ሰልፍ የወጣ የለም።

እንደ ሳንጃ ባለች ከተማ ነገሩ በአነስተኛ መጠን ይደገማል። ሳንጃ አዲስ አበባ አይደለችም፤ ባለ አምስት ፎቅ የሚከራይ ሕንፃ ያለው ደብር የላትም። ሆኖም ከጎንደር በትክል ድንጋይ አልፎ ወደ ሁመራ የሚወርደው መንገድ የሚያልፍባት፣ የሰሊጡ ወቅት በደረሰ ቁጥር ከደጋው በሚወርደው የቀን ሠራተኛ የምትጨናነቅ፣ በአንድ ወር ሀብታም ሆና በሌላው ወር የምትደኸይ ቆላማ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለች ከተማ የሚያገለግል አለቃ ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበት የሚያውቀው ማን ነው? ወንበሩን የሚመድበው ቢሮ ነው ወይስ በዚያ ቆላ ሐሩር ልጁን ክርስትና የሚያስነሣውና አባቱን የሚቀብረው ሰው? እኔ በማውቃት በአንዲት የከተማ አጥቢያ ሕዝቡ አለቃው መለወጡን ያወቀው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያልታወቁ አባት ቆመው ሲባርኩት ነው። አሮጌው አለቃ ወዴት ሄዱ? አንዱ «አደጉ» አለ፣ ሌላው «ተባረሩ» አለ። ሁለቱም የሰሙትን ነው የተናገሩት፤ ስለ ገዛ ደብራቸው በወሬ ይተዳደራሉ።

«ይህ እኮ ጥንታዊ ሥርዓታችን ነው» የሚል መልስ ይሰጠኝ ይሆናል። ጥንታዊ ሥርዓት ከተባለ ግን ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ሹመት ታሪክ ሊናገር የሚችለው ብዙ አለው።

እኛ ከውጭ አገር ካህን «በመቅጠር» ረገድ በዓለም ላይ የሚተካከለን የለም። ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ፣ ማለትም አሥራ ስድስት መቶ ዓመት ያህል፣ የዚህች አገር ሊቀ ጳጳስ የሚመጣው ከግብፅ ነበር። አቡኑ ሲያርፍ ነገሥታቱ መልእክተኛ ይልካሉ፣ ወርቅና ብር ይጭናሉ፣ ከቀይ ባሕርና ከካይሮ ገዢዎች ጋር ይደራደራሉ፤ አንዳንዴ ዓመታት ያልፋሉ። አቡነ ቄርሎስ ካረፉ በኋላ አገሪቱ ዐሥር ዓመት ያህል ያለ ጳጳስ ቆይታለች። ጳጳስ ከሌለ ዲያቆን አይሾምም፣ ቄስ አይሾምም፣ ታቦት አይባረክም። በመጨረሻ የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ እ.ኤ.አ. በ1841 መልእክተኞቻቸውን ልከው አቡነ ሰላማን አስመጡ። አዲሱ አቡን ገና ወጣት ነበሩ። ከዚህም በላይ የሚያስገርመው፣ በልጅነታቸው በካይሮ የአንግሊካን ሚስዮናውያን በከፈቱት ትምህርት ቤት መማራቸው ነው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ለጎንደር ካህን አልላከችም፤ ከጎንደር አቡን ጋር ግን እንዲህ ዓይነት የተማሪ ቤት ዝምድና ነበራት። ይህ ዝምድና ቆይቶም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1860 ሄንሪ ስተርን የተባለው ሚስዮናዊ ለቤተ እስራኤል ሊሰብክ በመጣ ጊዜ አቡነ ሰላማ ፈቃድ ሰጡት፤ ፈቃዳቸው ግን የሚያምኑት ሁሉ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ የሚል ቅድመ ሁኔታ ነበረው። አጭርና ብልህ ውል ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ተደክሞበት የመጣ እረኛ ጎንደር እንዴት ተቀበለችው? የጎንደር ካህናትና ደብተሮች በምሥጢረ ሥጋዌ ትምህርት ተከፋፍለው፣ አብዛኞቹ «ሦስት ልደት» የሚለውን ወገን ይዘው፣ ለብዙ ዓመታት ያለ አቡን ራሳቸውን ሲያስተዳድሩ ቆይተዋል። እቴጌ መነን እና ልጃቸው ራስ ዓሊ የራሳቸው የፖለቲካ ስሌት ነበራቸው። አቡነ ሰላማ ግን የመጡት በውቤ ጥያቄ ነው፤ ጎንደርን የጠየቃት የለም። እሳቸውም የከተማዋን ልብ ሳያውቁ በውግዘት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1846 ከጎንደር ተባረሩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቃል፤ ከካሳ ኃይሉ ጋር ተስማሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1855 ደጃዝማች ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ብለው ቀቧቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1867 በዚያው ንጉሥ እስር ላይ ሳሉ መቅደላ ላይ አረፉ። አቡኑ የሃይማኖት ጥፋት አልነበረባቸውም፤ የተዋሕዶን ትምህርት ጠብቀው ያቆዩ ሰው ናቸው። ሆኖም ከአንድ መስፍን ጋር ብቻ በተደረገ ስምምነት የመጣ እረኛ፣ ያልተጠየቀ ሕዝብ ዘንድ ሲደርስ የሚገጥመውን ገጠማቸው።

ለጎንደር አድባራት አለቆች ደግሞ ሌላ ታሪክ አላቸው። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የተከሉት አድያም ሰገድ ኢያሱ፣ ቁስቋምን የተከሉት እቴጌ ምንትዋብ ለደብሩ ካህናትና ደብተሮች የሪም መሬት ሰጥተው ነበር። አለቃውን የሚሾመው ቤተ መንግሥት ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን አለቃውም፣ መሪጌታውም፣ ቄሰ ገበዙም ሁሉም መሬት ስለነበራቸው ማንም ማንንም በቀላሉ ሊያስርበው አይችልም ነበር። ደብተራው በአለቃው ላይ ቅኔ ይቀኝበታል፤ ቅኔውም በማግስቱ ገበያ ላይ ይሰማል። ይህ የራሱ የሆነ የቁጥጥር መንገድ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ያ ሚዛን ፈረሰ። መሬቱ ለአራሹ በመሰጠቱ አላዝንም፤ ፍትሕ ነበር። የሚዛኑን መፍረስ ግን ልብ ያለው ጥቂት ነው። ከዚያ ወዲህ ካህኑ ደመወዝተኛ ሆነ፤ ደመወዙን የሚፈርመው ደግሞ አለቃው ነው። በአለቃው ላይ ቅኔ የሚዘርፍ ደብተራ የወር ደሞዙን አስቦ ይዘርፋል።

የዚሁ ለውጥ ሌላው ውጤት ካህናት ከገጠር ወደ ከተማ መፍለሳቸው ነው። የገጠር አብያተ ክርስቲያናት በአገልጋይ እጦት መዘጋታቸው በቤተ ክርስቲያኒቱ ጉባኤያት ተደጋግሞ የሚነሣ ጉዳይ ሆኗል። እዚህ ላይ የእንግሊዞቹ ነገር እንደገና ይመጣል፤ አንድ ካህን ለብዙ አጥቢያ።

ይህ አሠራር ለእኛ ይሆናል ወይ? በቅዳሴ ረገድ አይሆንም። አንግሊካኑ ቄስ እሑድ ጠዋት በአንዱ አጥቢያ ቀድሶ በመኪና ወደ ሌላው ይሮጣል፤ ባልደረሰበት ደግሞ የሠለጠነ ምእመን ጸሎት ይመራል። በጋምቤላ ያሉት የአንግሊካን ጉባኤያትም የሚኖሩት በዚህ መንገድ ነው። በሱዳን ጦርነት ስደተኞች ይዘዋት የመጡት፣ በኑዌርና በአኙዋክ በሌሎችም ቋንቋዎች የምትጸልየው ቤተ ክርስቲያን ካህናቷ ጥቂት፣ ጉባኤያቷ ብዙ ናቸው። አንድ ቄስ ለብዙ ጉባኤ ይመደባል፤ የዕለቱን አምልኮ የሚመሩት ያልተካኑ መምህራንና እናቶች ናቸው። በአዲስ አበባ ያለችው የቅዱስ ማቴዎስ ቤተ ክርስቲያናቸው ለብዙ ዘመን ካህኗን ከባሕር ማዶ ስታስመጣ፣ ጋምቤላዎቹ ከመካከላቸው ማሠልጠን እንደሚሻል ተረድተው በቅዱስ ፍሬምናጦስ ስም ኮሌጅ ከፍተዋል። በፍሬምናጦስ ስም መሆኑ ራሱ ለእኛ መልእክት አለው፤ እኛ ከአባ ሰላማ እስከ አቡነ ባስልዮስ የጠበቅነውን ነገር እነሱ ቶሎ ነቁበት። የእኛ መሠዊያ ግን አምስት ልዑካን ይፈልጋል፤ ሁለት ቀሳውስት፣ ሦስት ዲያቆናት። ካህን በተራ እየዞረ የሚያዳርሰው አይደለም። ስለዚህ አንዱን ቄስ ለአራት ደብር እንስጥ የሚል ሐሳብ የለኝም።

አስተዳደሩ ግን ሌላ ነገር ነው። በአንዲት አነስተኛ ከተማ ሦስትና አራት አብያተ ክርስቲያናት ቢኖሩ፣ ለእያንዳንዱ አለቃ፣ ለእያንዳንዱ ጸሐፊ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥጥርና ሒሳብ ሹም ደመወዝ መክፈል ምን ይጠቅማል? ቢሮው በዝቶ መቅደሱ ጾም ያድራል። የከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ በሳል፣ በተማረና ሕዝብ በተስማማበት አለቃ ሥር በአስተዳደር ተባብረው፣ ታቦቶቻቸውና ልዑካናቸው ግን እንደነበሩ ሆነው፣ ከቢሮ የሚተርፈው ገንዘብ በዙሪያዋ ላሉት የገጠር አጥቢያዎች ካህናት ቢደርስ ምን ቀኖና ይጣሳል? አለቃ እና ቀዳሽ ካህን አንድ አለመሆናቸው ለእኛ ጥቅም ነው፤ እንግሊዞቹ ይህ ጥቅም የላቸውም። የሚቃወሙ እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ አራት ወንበር አንድ ሲሆን ሦስት ሰው ይቆማል።

«ሕዝብ አለቃን ይጠይቅ» የሚለውን ሐሳብ በቀኖና ስም የሚቃወሙ ወገኖች ሁለት ነገር ቢያስታውሱ እወዳለሁ። አንደኛ፣ ሐዋርያት ሰባቱን ዲያቆናት ሲሾሙ ሰዎቹን መርጦ ያቀረበው ሕዝቡ ነው፤ ሐዋርያት እጅ ጫኑ። በግእዙ ሲኖዶስ ውስጥ ያለው ጥንታዊ ሥርዓትም ኤጲስ ቆጶስ በሕዝብ ሁሉ ተመርጦ እንዲሾም ያዝዛል። ሹመትን በገንዘብ መስጠትና መቀበልን ደግሞ ፍትሐ ነገሥቱ አጥብቆ ያወግዛል፤ ሰጪውንም ተቀባዩንም ይሽራል። ሁለተኛ፣ ጳጳስ ሲሾም ሕዝቡ ሦስት ጊዜ «ይደልዎ» ይላል፤ «ይገባዋል» ማለት ነው። ይህ ጩኸት ጌጥ ሆኖ የመጣ አይደለም፤ ሕዝብ በእርግጥ ይጠየቅ ከነበረበት ዘመን የተረፈ ምስክርነት ነው። የሚገባውን እና የማይገባውን ለይቶ የማያውቅ፣ «አይደልዎ» የማለት ዕድል ያልነበረው ሰው «ይደልዎ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ከቀኖናው ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ተቃውሞ አለ። «ለምእመናን ድምፅ ስትሰጥ ለከተማው ሀብታም፣ ለካድሬውና ለጎሠኛው ድምፅ መስጠትህ ነው» ይሉኛል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሲኖዶስ ዕውቅና ውጪ የተፈጸመው የጳጳሳት ሹመት ቤተ ክርስቲያኒቱን ለመክፈል ምን ያህል ተቃርቦ እንደነበር አይተናል። ሥርዓቱን የተላለፈ አድራጎት ነበር፤ ከመንግሥት እጅም ንጹሕ ነበር ብዬ አላምንም። ሆኖም አድራጎቱ የተንተራሰበት ቅሬታ፣ ማለትም «የሚመሩን አባቶች ቋንቋችንን አያውቁም፤ ሲሾሙም አልተጠየቅንም» የሚለው፣ ከአየር የመጣ አልነበረም። ሲኖዶሱ ራሱ በዚያው ዓመት ሐምሌ ዘጠኝ ኤጲስ ቆጶሳትን በአብዛኛው ለኦሮምያ አህጉረ ስብከት መሾሙ ይህን ያሳያል። ሕጋዊ የመጠየቂያ በር የሌለው ቤት ነዋሪው ግድግዳ ያፈርሳል። ጎሠኛውና ካድሬው ድምፅ እንዳይኖራቸው ከተፈለገ ምእመኑን ዝም ማሰኘት መፍትሔ አይሆንም፤ እነሱ አሁንም ድምፅ አላቸው፤ በቢሮ ስልክ ይናገራሉ። ድምፅ የሌለው በመቅደሱ በር የሚቆመው ሰው ነው። በጽሑፍ የቀረበ ተቃውሞ፣ ምክንያቱ የተገለጸ፣ ፈራሚው የታወቀ፣ ጳጳሱ ሊመረምረው የሚችለው ተቃውሞ ከስልክ ይልቅ ለጎሠኛው የማይመች ነገር ነው።

የፖለቲካ ጽሑፍ በሚጠበቅበት ቦታ ስለ አለቃ ሹመት ይህን ያህል የጻፍኩት ለምን እንደሆነ አንባቢ ሳይገባው አልቀረም። የወረዳው አስተዳዳሪ፣ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሁሉም እንደ አለቃው ናቸው፤ አንድ ቀን ይመጣሉ፣ አንድ ቀን ይሄዳሉ፤ ሕዝቡ የሚያውቀው ከሆነ በኋላ ነው። እኔ በምሠራበት ሙያ እንኳ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሲመረጥ ባልደረቦቹ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ውጤቱ ሁልጊዜ ያምራል ማለቴ አይደለም፤ ቢያንስ ማን ለምን እንደመጣ እናውቃለን። ሰው ስለ ሹመት የመጠየቅን ልማድ የሚማርበት የቅርብ ቦታ ሲፈለግ፣ ከአጥቢያው የሚቀርብ አላገኘሁም። ቃለ ዓዋዲም ጉባኤውን አቋቁሞ ግማሹን መንገድ ሄዶልናል። የቀረው አንድ አንቀጽ ነው፦ አስተዳዳሪ ከመመደቡ በፊት የሰበካ ጉባኤው የአጥቢያውን ሁኔታ በጽሑፍ ያቀርባል፤ የዕጩው ስምና የአገልግሎት ታሪክ ለጉባኤው ይነገራል፤ ጉባኤው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በምክንያት የተደገፈ ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል፤ የመጨረሻው ውሳኔ የጳጳሱ ነው።

ሳንጃን በሚመስል ከተማ ያለ አንድ ሰበካ ጉባኤ ጽሑፉን ዛሬ ቢጽፈው ምን ይል ይሆን ብዬ አስቤ ነበር። እንዲህ የሚል ይመስለኛል።

«አጥቢያችን ቆላ ነው። ደጋ ለምዶ ሙቀት የማይችል አባት ቢመጡ ሦስት ወር ቆይተው ለሕክምና ብለው ጎንደር ይቀራሉና አስቀድሞ ይነገራቸው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ለሰሊጥና ለማሽላ አጨዳ የሚመጣው እንግዳ ከነዋሪው ይበዛል። ይህ እንግዳ ንስሐ አባት የለውም፤ ወባ ወይም ካላዛር ሲጥለው የሚጠይቀው የለም፤ ሲሞት እድር ስለሌለው ቀብሩ ያስቸግረናል። አለቃችን የሚሆኑት አባት ይህን ሰው የእኛ ምእመን አድርገው የሚቆጥሩ ይሁኑ። የአብነት ተማሪዎች አሉን፤ ማደሪያቸው ክረምት ያፈስሳል። ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦችም አሉን፤ ልጆቻቸው ሰንበት ትምህርት ቤት ይመጣሉ። ካህናቶቻችን ደመወዛቸው የሚከፈለው ሰሊጡ በተሸጠበት ወር ነው፤ በሌላው ወር በዱቤ ይኖራሉ። ከዚህ በፊት የነበሩትን አስተዳዳሪ ስለወደድናቸው ለምን እንደተነሡ ብናውቅ ደስ ይለናል። የሙዳየ ምጽዋቱ ቁልፍ ሦስት ነው፤ ሦስቱም በሦስት ሰው እጅ ይሁን። ሒሳቡ በየሩብ ዓመቱ በዐውደ ምሕረት ይነበብ ዘንድ በጉባኤ ወስነናል፤ የሚመጡት አባት ይህን ውሳኔ አንብበው፣ ተስማምተው፣ ፈርመው ይምጡ።»